ዶቃው አይለጠጥም

በ1998 ዓ.ም. ምሩቃን የ20ኛ ዓመት መገናኛ ላይ የቀረበ ንግግር



አዘጋጅ ኮሚቴው ደውሎ «ሃያ ደቂቃ አለሽ፣ ርዕሱን ራስሽ ምረጪ» ሲለኝ ሁለት ቀን አሰብኩ። ከቀዶ ሐኪም የሚጠበቀው ስለ ቀዶ ሕክምና መናገር ነው። እኔ ግን የመረጥኩት ስለ ሥዕል ነው፤ በትክክል ለመናገር ደግሞ፣ በኮምፒውተር በጎበጠ መስመር ላይ ተደጋጋሚ ጥለት ስለ መሣል። ከኋላ የሚሥቁት እነማን እንደሆኑ በድምፃቸው አውቄያቸዋለሁ፤ ሃያ ዓመት ሙሉ አልተለወጡም! ግን ታገሡኝ። በዚህች ትንሽ በምትመስል ነገር ተሳስቼ፣ ስህተቴ በየጤና ጣቢያው ግድግዳ ላይ ተለጥፎ ነበር። እንዴት እንደተሳሳትኩና ማን እንዳስተማረኝ ነው ዛሬ የምነግራችሁ።

አብራችሁኝ የተማራችሁ ታስታውሱ ይሆናል፤ እኔ የማጠናው በመሣል ነበር። ብራኪያል ፕሌክሰስን በባለቀለም ጠመኔ ሰሌዳ ላይ ሥዬ፣ አንዳንዶቻችሁ ከዚያው ገልብጣችሁ ፈተና አልፋችኋል። ብድሩን ዛሬም አልጠይቅም። ስንመረቅ ዕጣው ደቡብ ኦሞ አወጣኝ። ጂንካን በካርታ ፈልጌ ነው ያገኘኋት። ያኔ የአውሮፕላን ማረፊያው ከተማው መሃል ያለ ሣር ሜዳ ነበር፤ አውሮፕላን ሲመጣ ከብቱም ኳስ ተጫዋቹም ከሜዳው ይባረር ነበር። ጅማ «ማኅበረሰብ ተኮር ትምህርት» እያለች ጭቃ ያስረገጠችን ለምን እንደሆነ የገባኝ እዚያ ነው። ከዚያ ስፔሻላይዝ አደረግሁ፤ ተመልሼም ወደዚያው አካባቢ እየሄድኩ ጤና መኮንኖችንና ነርሶችን ቁስል አያያዝና ስፌት አሠለጥናለሁ።

የማሠልጠኛ ወረቀቶቻችንን ታውቋቸዋላችሁ። የፎቶ ኮፒ ፎቶ ኮፒ ናቸው። መርፌው የት እንደሚገባ የሚያሳየው ሥዕል አሥረኛው ኮፒ ላይ ሲደርስ የዝንብ እድፍ ይመስላል። ስለዚህ የራሴን ሥዕል ልሥራ አልኩና ኢንክስኬፕ የሚባለውን ፕሮግራም ጫንኩ። ነፃ ነው፤ እ.ኤ.አ. ከ2003 ጀምሮ በአብዛኛው በበጎ ፈቃደኞች እየተሠራ የመጣ ነው። ገንዘብ ያላቸው የአዶቤን ኢለስትሬተር ይጠቀማሉ። የሁለቱም መሠረት አንድ ነው፤ ቬክተር ሥዕል።

ለማያውቁት ባጭሩ ላስረዳ። ፎቶግራፍ በጥቃቅን ነጥቦች የተሞላ ወንፊት ነው፤ ስናጎላው ነጥቦቹ አራት ማዕዘን ሆነው ይፈጣሉ። ቬክተር ሥዕል ግን ነጥብ አይደለም፤ ትእዛዝ ነው። «ከዚህ ተነሥተህ፣ በዚህ በኩል ጎብጠህ፣ እዚያ ድረስ» ይላል። ሒሳቡን ያገኙት ሁለት ፈረንሳውያን የመኪና ፋብሪካ ሰዎች ናቸው፤ በሲትሮየን ፖል ደ ካስተልዦ፣ በሬኖ ደግሞ ፒየር ቤዚየ። የሚፈልጉት የመኪናን ጎባጣ ቆርቆሮ በትክክል መንደፍ ነበር። አንድ ጎባጣ መስመር በአራት ነጥብ ይወሰናል፤ ሁለቱ ጫፎቹ ናቸው፣ ሁለቱ ደግሞ መስመሩን ወደ ጎን የሚስቡ እጀታዎች ናቸው። እጀታውን ስትጎትቱት መስመሩ ይጎብጣል። የፖስታ ቴምብር ላይ ብታትሙት፣ የግድግዳ ላይ ሸራ ላይ ብታትሙት ጥራቱ አይቀንስም። ለኛ አገር የሥልጠና ወረቀት ከዚህ የተሻለ የለም።

አሁን ወደ ችግሩ ልምጣ። ስፌት ማለት እኮ በመስመር ላይ የሚደጋገም ጥለት ነው። አንድ ስፌት፣ ትንሽ ክፍተት፣ ሌላ ስፌት። መስመሩ ቀጥ ያለ ከሆነ ችግር የለም፤ አንዱን ሥሎ መደጋገም ብቻ ነው። የደቡብ ኦሞ ቁስል ግን ቀጥ ብሎ አይመጣም። የከብት ቀንድ የቀደደው፣ መጥረቢያ ያንሸራተተው፣ ድንጋይ የላጠው አብዛኛው ጎባጣ ነው። ስለዚህ ቅልጥም ላይ ያለ ማጭድ የመሰለ ቁስል ሣልኩ፤ ርዝመቱ 16 ሴንቲ ሜትር። ሠልጣኙ ስፖንጁን አጠገቡ አስቀምጦ እንዲለካበት ሥዕሉ በእውነተኛ መጠን ነው የሚታተመው።

ስፌቶቹን አንድ በአንድ በእጅ ከማስቀመጥ ይልቅ ፕሮግራሙ ራሱ እንዲያስቀምጥልኝ ፈለግሁ። ኢንክስኬፕ ውስጥ «ፓተርን አሎንግ ፓዝ» የሚባል መሣሪያ አለ፤ አንድ ጥለት ትሰጡታላችሁ፣ አንድ መስመር ትሰጡታላችሁ፣ ጥለቱን በመስመሩ ላይ ያለብስላችኋል። እኔም በአንድ ቀጥ ያለ የ8 ሴንቲ ሜትር መስመር ላይ አሥር ስፌት ሣልኩ። በየ8 ሚሊ ሜትሩ አንድ ማለት ነው፤ በእጅና በእግር ቆዳ ላይ በአብዛኛው ከ5 እስከ 10 ሚሊ ሜትር ስለምናራርቅ ልክ ነው። አሥሩን ስፌት እንደ አንድ ጥለት አሰርኳቸውና በማጭዱ ላይ አለበስኳቸው። የሚያምር ነገር ወጣ! ስፌቶቹ ከመስመሩ ጋር ጎበጡ፣ እኩል ተራራቁ፣ ጫፍ ከጫፍ ደረሱ። ደስ ብሎኝ ቡና አፈላሁ።

ያላስተዋልኩት ይህን ነው። መሣሪያው አራት ምርጫ አለው። «ሲንግል» ጥለቱን አንድ ጊዜ አስቀምጦ ይተወዋል። «ሲንግል ስትሬችድ» አንዱን ጥለት መስመሩ እስኪያልቅ ድረስ ይለጥጠዋል። «ሪፒትድ» ጥለቱን በልኩ እየደጋገመ ይሄዳል፤ መጨረሻ ላይ የማይሞላ ቦታ ካለ ባዶውን ይተወዋል። «ሪፒትድ ስትሬችድ» ደግሞ የሚገባውን ያህል ደጋግሞ፣ የቀረችውን ትርፍ ለሁሉም ያካፍላታል። እኔ የነበርኩት ሁለተኛው ላይ ነበር። ፕሮግራሙ የታዘዘውን አደረገ፤ የ8 ሴንቲ ሜትሩን ጥለት ወደ 16 ሴንቲ ሜትር ለጠጠው። አሥሩ ስፌት አሥር እንደሆነ ቀረ። በየ8 ሚሊ ሜትሩ የነበረው በየ16 ሚሊ ሜትሩ ሆነ።

ሥዕሉ ከመታተሙ በፊት ሦስት የሥራ ባልደረቦቼ አይተውታል። አንዱ የቆዳውን ድርብርብ አረመ፣ አንዷ የመርፌውን አያያዝ አረመች፣ ሦስተኛው ፊደል ለቀመ። ክፍተቱን የለካ አልነበረም። ከሥዕሉ ሥር ያለው ጽሑፍ «ከ5 እስከ 10 ሚሊ ሜትር» ይላል፤ ከላይ ያለው ሥዕል ግን 16 ያሳያል። ሥዕል ካለ ጽሑፍ የሚያነብ የለም። እኔም ራሴ አላነበብኩም፤ የጻፍኩት እኔ ነኛ!

ሥዕሉ ታተመ፣ ተበተነ፣ ተለጠፈ። ከጥቂት ወራት በኋላ አንድ ጤና ጣቢያ ለክትትል ሄድኩ። ስሙን አልጠራም፤ ጥፋቱ የእነሱ አይደለምና። አንድ የአሥራ ሁለት ዓመት ገደማ ልጅ፣ ፍየል ጠባቂ፣ ቅልጥሙ ላይ የተሰፋ ቁስል ይዞ ተቀምጧል። ሁለቱ ጫፎች ተዘግተዋል፤ መሃሉ፣ ጉብጠቱ ያለበት ቦታ፣ ተከፍቷል። የሰፋችው ነርስ ጠንቃቃ ልጅ ነች፤ ቋጠሮዋ ጥሩ ነው፣ እጇ ንጹሕ ነው። በጣቴ ክፍተቱን ለካሁት።

«ሲስተር፣ ለምንድን ነው እንዲህ ያራራቅሽው?» አልኳት።

«ዶክተር፣ እንዳመጡልን ሥዕል ነው የሰፋሁት» አለችኝ። ወደ ግድግዳው አሳየችኝ።

ከመዝገብ ቤቱ ጠረጴዛ ማስመሪያ አንሥቼ ግድግዳው ላይ ለካሁ። 16 ሚሊ ሜትር። ደግሜ ለካሁ። ከዚያ ነርሷን ይቅርታ ጠየቅኋት፤ ልጁ ፊት።

እውነቱን ልናገር። የልጁ ቁስል የተከፈተው በሥዕሉ ምክንያት ብቻ ነው ብዬ መማል አልችልም። የቅልጥም ቆዳ ውጥር ነው፤ ሳይለጠጥ አይገናኝም። ልጁ ዘግይቶ ነው የመጣው፤ በማግሥቱም ከፍየሎቹ ኋላ ሮጧል። ግን ሰበብ መደርደር የሚያምርብን ሌላው ሲሳሳት ያየን ጊዜ አይደለም ወይ? ስፌት ሲራራቅ እያንዳንዱ ክር የሚሸከመው ጭነት እንደሚበዛ ሁላችንም ተምረናል። የሆድን ግድግዳ አስቡ። እ.ኤ.አ. በ2015 ላንሴት ላይ የወጣው የኔዘርላንዶች ጥናት 560 ሕሙማን አሳትፎ፣ በየ1 ሴንቲ ሜትሩ የተሰፉትንና በየ5 ሚሊ ሜትሩ የተሰፉትን አነጻጽሯል። ከአንድ ዓመት በኋላ በቁስሉ በኩል ሄርኒያ የወጣባቸው ከመጀመሪያዎቹ 21 በመቶ፣ ከሁለተኛዎቹ 13 በመቶ ነበሩ። ሌላ ሥጋ ነው፣ ሌላ ቁስል ነው፤ ግን ሚሊ ሜትር ቀልድ እንዳልሆነ ይነግረናል።

የዚያን ዕለት ማክሰኞ ነበር። ወደ ጂንካ ስንመለስ አብራን የነበረችው የጤና ኤክስቴንሽን ሠራተኛ አልዱባ ላይ እንድናወርዳት ጠየቀችን። አልዱባን የማታውቁ፣ ከጂንካ ወደ ቀይ አፈር በሚወስደው መንገድ ላይ ያለች፣ ማክሰኞ ማክሰኞ ገበያ የሚቆምባት ቦታ ናት። በናው፣ አሪው፣ ፀማዩ ይገናኝባታል። ማሽላው፣ ማሩ፣ ቅቤው፣ ሸክላው፣ ለሾፎሮ የሚሆነው የቡና ገለባ መሬት ላይ ተዘርግቷል። የበና ሴቶች ግማሽ ቅል ራሳቸው ላይ ደፍተው ይሄዳሉ፤ ለፀሐይም ለውበትም ይሆናል፣ ሲፈለግም ይጠጡበታል። እኔ ግን ለማየት አልወረድኩም። ከመኪናው የወረድኩት ራሴን ስላመመኝ ግራር ጥላ ሥር ለመቀመጥ ነው።

ከጎኔ አንዲት በዕድሜ ከእኔ ገፋ ያለች የበና ሴት የፍየል ቆዳ ጭኗ ላይ ዘርግታ ዶቃ ትሰፋለች። የቆዳው ጠርዝ ከላይ ቀጥ ብሎ ይወርድና ታች ሲደርስ ክብ ሆኖ ይዞራል። ልክ እንደ እኔ ማጭድ። ሌላ ቀን ቢሆን «ያምራል» ብዬ አልፍ ነበር። ያን ቀን ግን ዓይኔን መንቀል አልቻልኩም።

ሦስት ነገር ስታደርግ አየሁ። መጀመሪያ፣ አንድም ዶቃ ሳትሰፋ፣ ዶቃውን በክር ሰክታ ከዳር እስከ ዳር በጠርዙ ላይ አስተኛችው፤ ይበቃ አይበቃ እንደሆነ አየች። ቀጥላ የጉብጠቱን መሃል ፈልጋ እዚያ በወስፌ ምልክት አደረገች፤ ከሁለቱም ወገን ወደዚያ ምልክት ነው የምትሰፋው። ሦስተኛ፣ መሃሉ ጋ ስትደርስ የአንድ ዶቃ ግማሽ የምታህል ቦታ ተረፈች። እኔ ብሆን ክሩን እጎትተው ነበር። እሷ ግን ሰባት ስምንት ዶቃ ወደ ኋላ ፈታችና፣ በእያንዳንዳቸው መሃል ለዓይን የማይታይ ትንሽ ትንሽ ቦታ እየተወች እንደገና ሰፋች። ትርፉ ጠፋ።

የኤክስቴንሽን ሠራተኛዋ ቋንቋቸውን ታውቃለች፤ እሷን አስጠየቅኋት። «ለምን ፈታችው በያት፤ ጎተት ብታደርገው አይደርስም ነበር?»

ሴትየዋ ቀና ብላ እንኳ አላየችኝም። የተተረጎመልኝ እንዲህ ነው፦ «ዶቃው አይለጠጥም። ቆዳውም ቢለጠጥ ተመልሶ ይሸበሸባል። እሺ የሚልሽ በመሃል ያለው ባዶ ቦታ ብቻ ነው።»

ሌላም ነገር አሳየችኝ፤ ይህን ግን ሳትጠየቅ ነው። ዶቃው ሁለት ረድፍ ነው። ቀጥ ባለው ጠርዝ ላይ ሁለቱም ረድፎች እኩል መጠን ባለው ዶቃ ይሄዳሉ። ጉብጠቱ ላይ ሲደርሱ ግን በውስጠኛው ረድፍ ትንንሹን ዶቃ ትጠቀማለች። ውስጠኛው መንገድ አጭር ነው፤ ትልቁን ዶቃ ብታስገባ ይጨናነቃል፣ ውጪኛው ደግሞ ይሳሳል።

ማታ ጂንካ ደርሼ ላፕቶፔን ከፈትኩ። የሴትየዋን ሥራ ወደ ቁጥር ለወጥኩት፤ መምህራኖቻችን ቁጥር ስለሚወዱ ለእናንተም ልንገራችሁ። ጉብጠቱ የግማሽ ክብ ነው እንበል፣ ሬዲየሱ 30 ሚሊ ሜትር። ርዝመቱ 94.2 ሚሊ ሜትር ይሆናል። ስፌትና ክፍተት አንድ ላይ 8 ሚሊ ሜትር ነው። 94.2ን ለ8 ስናካፍል 11.78 ይመጣል። ሙሉ ቁጥር አይደለም። 11 ብናስገባ 6.2 ሚሊ ሜትር ባዶ ይተርፋል፤ መሃሉ ላይ ያፈጠጠ ቀዳዳ ማለት ነው። 12 ብናስገባ 1.8 ሚሊ ሜትር ይጎድለናል፤ ጉድለቱን ለ12 ብናካፍለው ለእያንዳንዱ ክፍተት የሚደርሰው 0.15 ሚሊ ሜትር ብቻ ነው። ማንም ዓይን አያየውም። ሴትየዋ ወደ ኋላ ፈትታ ያደረገችው ይህንኑ ነው። «ሪፒትድ ስትሬችድ»ም የተረፈውን ቦታ እንዲሁ ለሁሉም ያካፍላል፤ ግን እንደ ጥለት የምትሰጡት አንዱን ስፌት ከነክፍተቱ ብቻ ሲሆን ነው። አሥር አስራችሁ ከሰጣችሁት አሥሩን እንደ አንድ ዶቃ ነው የሚቆጥረው። የእኔ ስህተት ሥሩ እዚህ ነበር፤ የማይለጠጠው ዶቃ የቱ እንደሆነ አልወሰንኩም።

ሁለተኛውም ነገር በቁጥር ይታያል። የስፌቱ ወርድ ከመስመሩ ግራና ቀኝ 5 ሚሊ ሜትር ቢሆን፣ ውጪኛው ጠርዝ በ35 ሬዲየስ፣ ውስጠኛው በ25 ሬዲየስ ይዞራል። ውጪው 110 ሚሊ ሜትር ይሆናል፣ ውስጡ 78.5። በ12 ስፌት ስናካፍለው ውጪ በየ9.2 ሚሊ ሜትሩ፣ ውስጥ በየ6.5። ስለዚህ ጥለቱን ከመስመሩ ጋር የሚያጎብጠው መሣሪያ እያንዳንዱን ስፌት እንደ ማራገቢያ ያሰፋዋል፤ ውጪው ይወፍራል፣ ውስጡ ይቀጥናል። ለሐረግ፣ ለገመድ፣ ለአንጀት እጥፋት እንዲህ መጉበጡ ያምራል። ክር ግን በጉብጠት ላይ አይወፍርም። ለእንደዚህ ያለው ነገር ኢንክስኬፕ ውስጥ «ስካተር» የሚባል ሌላ መሣሪያ አለ፤ ቅጂዎቹን ሳያጎብጥ፣ ቅርጻቸውን ሳይነካ፣ አቅጣጫቸውን ብቻ ከመስመሩ ጋር እያዞረ ያስቀምጣቸዋል። የሚጎብጠውን ለመጀመሪያው፣ የማይጎብጠውን ለሁለተኛው መስጠት ነው።

ማዕዘን ላይ ስንደርስ ደግሞ ሌላ ጣጣ አለ። ጉብጠት ለስላሳ ነው፤ ማዕዘን ግን ጥለቱን ይሰብረዋል። ኢለስትሬተር ለዚህ ሲል የጥለት ብሩሹን በአምስት ቁራጭ ነው የሚሠራው፤ ለጎን፣ ለውጪ ማዕዘን፣ ለውስጥ ማዕዘን፣ ለመጀመሪያና ለመጨረሻ። አዲስ ግኝት እንዳይመስላችሁ። የብራና መጻሕፍቶቻችንን ሐረግ አይታችሁ ከሆነ፣ ከራስጌው ወርዶ በዓምዱ ጎን ሲታጠፍ ማዕዘኑ ላይ የራሱ ቋጠሮ አለው። ሠዓሊው ጥለቱን በግድ አያጥፈውም፤ ለማዕዘኑ ማዕዘን ይሠራለታል።

እዚህ ላይ ቀዶ ሐኪሞቹ አንድ ነገር ትዝ ብሏችኋል ብዬ እገምታለሁ። ሴትየዋ መሃሉን አስቀድማ ምልክት ማድረጓ እኛ የምናስተምረው ነው እኮ! ሁለቱ ከንፈሮቹ እኩል ያልሆኑ ቁስል ሲገጥመን ከአንዱ ጫፍ ጀምረን አንሰፋም፤ መሃሉ ላይ አንድ ስፌት እናስቀምጣለን፣ ከዚያ የግማሹን ግማሽ፣ ከዚያ የሩቡን ግማሽ። እንዲህ ሲሆን ልዩነቱ ለሁሉም ስፌት ይካፈላል። ከጫፍ ጀምረን ከገፋን ግን ትርፉ ቆዳ በመጨረሻ ይቆለላል፤ የውሻ ጆሮ የምንለው። ይህን በአፌ ለዓመታት አስተምሬያለሁ። በሥዕሌ ግን ሌላ አስተማርኩ። አፌ ጂንካ ላይ ይቀራል፤ ሥዕሉ ግን እኔ በሌለሁበት ግድግዳ ላይ ሆኖ ሌሊትም ያስተምራል።

ሥዕሉን እንደገና ሠራሁት። የታተሙትን ቅጂዎች አንድ በአንድ አስመለስኩ፤ አንዱ የመድኃኒት ካርቶን መሸፈኛ ሆኖ ተገኘ፣ ሁለቱ እስካሁን አልተገኙም። እነዚያ ሁለቱ ዛሬም እንቅልፍ ይነሡኛል።

አሁን ይህን ሁሉ ያወራሁበትን ምክንያት ልንገራችሁ። በዚህ አዳራሽ ያላችሁ ብዙዎቻችሁ ታስተምራላችሁ፤ መምህራኖቻችን ደግሞ የተማሪዎቻችሁንና የሬዚደንቶቻችሁን ሥዕል ያለበት መማሪያ በየጊዜው ታጸድቃላችሁ። ሦስት ነገር እለምናችኋለሁ። መጠን የሚያስተምር ሥዕል ሁሉ ከጎኑ የማስመሪያ ምልክት ይኑረው፤ ፎቶ ኮፒ ሲያሳንሰው ምልክቱም አብሮ ያንሳል፣ ሰው አይሳሳትም። ለሌላ ስታስተላልፉ የታተመውን ብቻ ሳይሆን ዋናውን የቬክተር ፋይል ስጡ፤ ስህተት ያገኘ ሰው ማረም እንዲችል። ሦስተኛው ከሁሉም ይበልጣል፦ ከመታተሙ በፊት ጽሑፉን በወረቀት ሸፍናችሁ፣ ሥዕሉን ብቻ ለአንድ ጀማሪ ነርስ ሰጥታችሁ፣ «እንዳየሽው ስፊ» በሏት። ከዚያ የሰፋችውን ለኩ። ሦስት ስፔሻሊስት ያላየውን አንድ ስፖንጅ ያሳያችኋል።

አንድ ነገር ብቻ ጨምሬ ልጨርስ። ከጥቂት ወራት በኋላ በማክሰኞ ቀን ተመልሼ አልዱባ ወረድኩ። አዲሱን ሥዕል ጠቅልዬ ይዣለሁ። ሴትየዋን እዚያው ግራር ሥር አገኘኋት። ሥዕሉን ዘረጋሁላት፤ ከእሷ የተማርኩት እንደሆነ፣ የድሮው ምን እንደነበረ፣ ለምን እንደቀየርኩት በአስተርጓሚዋ በኩል ሁሉንም ነገርኳት። ምስጋና ጠብቄ አልነበረም፤ ግን «እዩልኝ» የሚል ነገር በውስጤ እንደነበረ አልዋሽም።

ጣቷን በስፌቶቹ ላይ ከዳር እስከ ዳር አሳለፈች። ከዚያ አንድ ነገር ጠየቀች።

«ምን አለች?» አልኩ።

«ልጁስ ይላሉ። እግሩ ዳነ ወይ?»

ድኗል። ጠባሳው ሰፊ ነው፤ ግን ከፍየሎቹ ኋላ ይሮጣል። እንዲህ ብዬ ነገርኳት። ራሷን ነቀነቀችና ወደ ቆዳዋ ተመለሰች።